የታሸ አጥንት

ምንትዋብ ጠዋት ጠዋት ሥራዋን የምትጀምረው የታካሚዎቿን አጥንት በማዳመጥ ነው። ጣና ላይ በሚንሳፈፈው ሆስፒታል ይህ ብርቅ አይደለም። አዲስ አጥንት ሲበቅል ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያካፋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ አድጎ ሲያበቃ ዝም ይላል።

የይበልጣል እግር ግን ዝም አላለም።

ይበልጣል ከመርከብ ወድቆ ጭኑ የደቀቀ ወጣት ነው። ስብራቱን «አጥንት ዘር» በሚባለው ሊጥ የሞላችለት ራሷ ምንትዋብ ናት። ሊጡ ዓይን ከማያያቸው የማዕድን ቅንጣቶችና ከኮላጅን የተቦካ ሲሆን፣ ጫና ባረፈበት ሁሉ አጥንት ሆኖ ያድጋል፤ ጫናው ሲቀር ያቆማል። አሁን ጉልበቱን ቆልፎ ወደ ዳሌው እየወጣ ነው። ዳሌው ከተያዘ ልጁ ዳግመኛ መቀመጥ አይችልም።

«እማማ ዘርፌ፣ ይህን እግር ማን ነካው?» አለች እናቱን።

«ማን ይነካዋል? እኔው ነኝ እንጂ በቅቤ የማሸው። ደርቆ ይቅር እንዴ? ጠያቂውም አልቀረ፣ የመጣው ሁሉ ዳበስ ያደርገዋል።»

ምንትዋብ ክው አለች፤ ለሊጡ መታሸትም ጫና ነው። ሊጡ የተሞከረው በመስታወት ክፍል ውስጥ፣ በሮቦት እጅ ብቻ በሚገላበጡ፣ ጠያቂ በሌላቸው ሰዎች ላይ ነበር። ታማሚን እናቱ ትነካዋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። በእናቷ እጅ ታሽታ ያደገችው እሷ እንኳ አላሰበችውም፤ ይህ ነው ያንገበገባት።

«ከእንግዲህ ማንም አይነካውም። እርስዎም ቢሆኑ።»

«ምነው ልጄ! ታሞ ተኝቶ?» እማማ ዘርፌ እንባቸው መጣ። «እሺ፣ እሱ ይዳንልኝ እንጂ። እጄም ቢሆን ሰሞኑን አልታጠፍ ብሎኛል፤ እርጅና ነው መሰል።»

ምንትዋብ ማዳመጫውን መዳፋቸው ላይ አሳረፈች። ያካፋል። ሊጡ በልጁ ቁስል ስፌት ሾልኮ፣ ከቅቤው ጋር ተለውሶ በተሰነጠቀው ቆዳቸው ገብቷል።

በመስኮቱ ወደ ወደቡ አየች። የዛሬዎቹ ጠያቂዎች ከትናንቶቹ ጋር ተገናኝተው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ሰላምታቸው ማለቂያ የለውም። ለእነዚህ ሰዎች «አትነካኩ» ለማለት የማን አንጀት ይችላል? እሷ ራሷ ጠዋት ጠዋት የእማማ ዘርፌን እጅ ጨብጣ ሳታጽናና ውላ አታውቅም።

ማዳመጫውን ቀስ ብላ ወደ ራሷ መዳፍ አዞረችው። ማካፋቱን ሰማች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አሉ እማማ ዘርፌ ጉንጯን ሊዳብሱ እጃቸውን እየዘረጉ።

ምንትዋብ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናት እጅ ሸሸች።