ብረቱን ሦስት ጊዜ መትቻለሁ

«ብረቱን ሳትመቺ ገብተሽ ይሆናላ» አለ አጎቷ ላይል።

ይህን ሲላት አራተኛ ጊዜው ነው። እናቷም በስልክ ያለቻት ይህንኑ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ሰው ያየውን የማያውቅ፣ የሰማውን የሚያጣምም ይመስላቸዋል። የብሪታ ዓይን ደህና ነው፣ ጆሮዋም ደህና ነው፤ ግን ማን ቆጥሯት።

«መትቻለሁ» አለች። «ሦስት ጊዜ።»

«ያን ቀን ነፋስ ነበር። አልሰማችሽ ይሆናል።»

«ሰምታኛለች። በመስኮት ፎጣዋን አውለበለበችልኝ እኮ።»

«እንግዲያው አውቃሻለች ማለት ነው። ያወቀችሽ አያትሽ ሽጉጥ የምትደግንብሽ ምን አድርገሻት ነው? እንቁላል ሰርቀሽ?» ላይል በራሱ ቀልድ ሳቀና አራት የታጠፉ ወንበሮች በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገባ። ለወንበር ጉልበት አለው። ለመስማት ነው የሚደክመው።

በዚያ አገር ወደ ሰው ቤት ዝም ብሎ የሚጠጋ የለም። የአያቷ የቴልማ ቤት የጠጠሩ መንገድ ማለቂያ ላይ ነው፤ ቅርብ የሚባለው ጎረቤት አራት ማይል ይርቃል፣ የወረዳው ፖሊስ፣ ሸሪፉ፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ አንድ ሰዓት ፈጅቶበት ይደርሳል። ስለዚህ አጥሩ በር ላይ አሮጌ የማረሻ ብረት ተንጠልጥሏል። መዶሻውን አንስተህ ሦስት ጊዜ ትመታለህ፣ ትቆማለህ፣ ቴልማ በወጥ ቤቱ መስኮት ፎጣዋን ታውለበልባለች፣ ከዚያ ትሄዳለህ። ብሪታ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በየረቡዑ እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች።

የዛሬ ሦስት ሳምንትም ብረቱን መታች፣ ፎጣው ተውለበለበ፣ ብስክሌቷን እየገፋች ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄደችና በሩን ከፈተች። አያቷ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ቆማለች፤ ሽጉጡን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ያ ያውለበለበችው ፎጣ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ማነሽ አንቺ? ማን ነው የላከሽ?»

ብሪታ ስሟን ተናገረች። የእናቷን ስም ተናገረች። ምንም። ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነውን የወንድ አያቷን የኦስካርን ስም ስትጠራ ነው የቴልማ እጅ ቀስ እያለ የወረደው። አሮጊቷ ሽጉጡን ማንኪያ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችና «እንቁላሉን ትሰበስቢያለሽ ወይስ ተገትረሽ ትውያለሽ?» አለች፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። ብሪታ ሰበሰበች። አራቱን ሰበረች።

ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። ረቡዕ እንዲያ ረጅም ቀን መሆኑን እስከዚያ አታውቅም ነበር። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በመጨረሻ የሚያወርዳት እሷን ነው፤ እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ናት፣ ማቀዝቀዣው ላይ «ሾርባውን አሙቂ» የሚል ወረቀት ይጠብቃታል። ሾርባውን ቆማ ትበላለች። የሚያጫውታት ሰው ያ የማንኪያ መሳቢያ ካለበት ቤት ሌላ የትም አልነበራትም።

ዛሬ እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልሳ ያህል ሰው አዳራሹ ውስጥ ቡናውንና የፖም ኬኩን ይዞ ተቀምጧል። ስብሰባው ስለ አንድ አዲስ ሕግ ነው፤ ቤተሰብ ዳኛ ዘንድ ሄዶ «ይህ ሰው መሣሪያ ቢይዝ ያሰጋል» ካለ፣ ዳኛው መሣሪያውን ለጊዜው ማስወሰድ ይችላል የሚል። መጀመሪያ ከከተማ የመጣች አስተማሪ ተነሳች። «ወንድሜ ሲታመም፣ መሣሪያ እንዳለው ለማን እንደምንናገር ጠፋን» አለች። «በኋላ ሁሉም ሰው ‹ምነው ብትነግሩን› አለን።» ሰዉ በትህትና ሰማት፤ ግን ሁሉም የሚያየው ሲኒውን ነበር።

ቀጥሎ ላይል ተነሳ። ያቺን የታወቀች ታሪክ አመጣት፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ሁለት ሰዎች የእናቱን በር ሲሰብሩ፣ እሷ ሸሪፉ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሽጉጥ ደግና በረንዳ ላይ አስተኝታ እንዳቆየቻቸው።

«ሁለት አይደሉም፣ ሦስት ናቸው» አለች ቴልማ ከፊት ወንበር። ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ፣ ጀርባዋን እንደ ሸምበቆ አቅንታ ተቀምጣለች። «አንዱ መኪና ውስጥ ነበር። የምታወራ ከሆነ አስተካክለህ አውራ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ላይልም ሳቀ። «ይኸው፣ እናቴ ይህች ናት» አለ። «ከተማ የተቀመጠ ዳኛ አያውቃትም። እኔ አውቃታለሁ። የቤተሰብን ነገር ቤተሰብ ያየዋል።»

ጭብጨባው ቀለጠ።

ብሪታ ከኋላ፣ ከወንበሮቹ ክምር አጠገብ ብቻዋን ነበረች። ታሪኩ እውነት ነው። ያ ሽጉጥ ባይኖር አያት አይኖራትም ነበር፤ ምላሷን ያሰራት ይኸው ነው። ብትነሳ ስልሳ ራስ ይዞርባታል፣ ያ የቀና ጀርባም ይሰማል። አልተነሳችም።

ሰው መበተን ሲጀምር ቴልማ ራሷ መጣችባት።

«እንደ ቅጥር ሠራተኛ ከኋላ የተወሸቅሽው ምነው?»

«ወንበር ሞልቶ ነው።»

«ውሸትሽን ነው። ሦስት ረቡዕ ቀረሽ፣ ቆጥሬአለሁ። እንቁላሉ ዶሮዎቹ ሥር ገማ። ልጅ ሲያድግ አሮጊት ይሰለቸዋል፣ አውቃለሁ፤ ግን ንገሪኛ። በመስኮት ስጠብቅ አልዋል።»

«አልሰለቸሽኝም፣ አያቴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ብሪታ ዓይኗን አየችው። አሮጊቷ ከልቧ ነው የምትጠይቀው። ምንም አታስታውስም።

«ፈተና ነበረብኝ።»

«ፈተና» አለች ቴልማ፣ የገማውን እንቁላል የቀመሰች ይመስል። ጎረቤቷ መኪናውን አስነስታ እየጠበቀቻት ነበር። በጓንቷ የብሪታን ጉንጭ ነካ አደረገችና ሄደች። መኪናው በጠጠሩ ላይ አቧራውን እያስነሳ እስኪጠፋ ብሪታ ቆማ አየችው።

ላይል ፒክአፑን ሲከፍት ከኋላው ደረሰች።

«አጎቴ፣ አያቴ ወጥ ቤት የገባኸው መቼ ነው?»

«በየቅዳሜው አስቤዛ አደርስላት የለም እንዴ?»

«በረንዳው ላይ ነው የምታደርሰው። ክላክስ ታደርጋለህ፣ ትወጣለች፣ አስቀምጠህ ትሄዳለህ። ወጥ ቤቷ ውስጥ የገባኸው መቼ ነው?»

ላይል በእጁ የያዘውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ፈለገ። «ለገና ገብቻለሁ።»

«ለየትኛው ገና?»

ላይል በሩን በጉልበቱ ደገፍ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ቀምቻት በዚያ ሜዳ ባዶ እጇን ልተዋት? ወይስ እናቴን ዳኛ ፊት ልክሰሳት?»

«ክሰሳት አላልኩም። ዳኛ አያስፈልግም ያልከው አንተ ነህ። ቤተሰብ ያየዋል አልክ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበልህ። እስካሁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ዞራ በሌላኛው በር ገባችና ተቀመጠች። ቀበቶዋን አሰረች። ላይል መሪው ፊት ተቀምጦ ቁልፉን ሰካ።

«ቤትሽ ላድርስሽ?» አለ።

«አይ። አያቴ ጋ። መኪናውን ከአጥሩ ውጭ ታቆማለህ፣ ክላክስ አታደርግም። ብረቱን አንተ ምታው፣ ሦስት ጊዜ። ፎጣውን እስክታውለበልብ ጠብቅ። ከዚያ እንደኔ በእግርህ ሂድ፤ እኔ ከኋላህ ነኝ። በሩን ግን አንተ ክፈተው።»