የባዶው አልጋ ዋጋ

ካፒቴን የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ፣ ቀኝ እጃቸው የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ፤ ከኋላ ላያቸው ሰው የሚያነቡ እንጂ ያለፉ አይመስሉም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤት የሰው ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ፣ ባሕር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ካፒቴን» የሚለው ስም የወጣላቸው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከጧት እስከ ማታ ኢንተርኔት ላይ የመዝናኛ መርከብ ርካሽ ዋጋ ሲያሳድዱ ስለሚውሉ ነው።

ያገኟቸው ታላቅ እህታቸው እማማ ናቸው። ጤና ጣቢያ ወረፋ ጠብቀው፣ ግፊታቸውን ተለክተው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው «ዛሬም መርከብህ አልተነሳም?» ብለው ቀለዱ። የወንድማቸውን ትከሻ ነካ ሲያደርጉት ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል አለ።

ልብ ነው ተባለ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ልቡ የደከመ፤ ማን ይጠይቃል? የጠየቀው ሐኪሙ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሻይ ስኒው አተላ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ፤ ያውም ፈረስ የሚጥል። በአራተኛው ቀን ፖሊስ መጣና ሻዩን ያፈላው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ያፈላችው ሚጣ ናት፤ የእማማ የልጅ ልጅ። እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት እማማ በአንቀልባ አዝለው ያሳደጓት፣ አሁን ነርስነት የምትማር። ነርስነት! የመድኃኒት ስም የምታውቅ ልጅ፤ በዚያ ላይ ልጅ ያልነበራቸው ካፒቴን ክፍላቸውን ለእሷ ተናዝዘዋል። ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከዚያ ወዲህ እማማ መቀመጥ አቃታቸው። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ። የተዘጋውን በር መልሰው ይዘጋሉ፤ ያልለኮሱትን ምድጃ ጠፍቶ እንደሆነ ይነካሉ። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳ በሩን እየቆረቆሩ «ሚጣ፣ አለሽ?» ይላሉ።

«አለሁ እማ! በቧንቧው ልወጣ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዘመኑ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ኢንስፔክተሯ መጣች። አጠር ያለች፣ ጉንፋን የያዛት፣ መሃረብ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት። ዓይኗ ግን አልታመመም፤ ከደጃፉ እስከ ሳሎኑ ድረስ ያላየችው ነገር አልነበረም።

«እማማ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ አለቃዬ የልጅቷን መያዣ ትእዛዝ ይፈርማል» አለች። «እስከዚያ ጊዜው የኔ ነው። ስለዚህ አይደብቁኝ።»

«ምን ልደብቅሽ ልጄ? ያለችኝ አንዲት ፍሬ ናት፤ እሷንም ልትወስጂብኝ መጣሽ።»

«ለመውሰድ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወጠምሻ ይልኩ ነበር። እኔን የሚልኩኝ ለመጠየቅ ነው። የሞቱበትን ክፍል ያሳዩኝ።»

እማማ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። «አስከሬኑ በወጣበት ሰዓት ቆልፌዋለሁ። ከናንተ ሰዎች በቀር ማንም አልገባም። ለቅሶ የመጣውም ሳሎን ነው የተቀመጠው።»

«ሲያገኟቸው ስክሪኑ ላይ ምን ነበር?»

«ጨለማ። እኔ ያን ዕቃ አልነካም፤ ይነዝረኛል።»

ኢንስፔክተሯ ካፒቴን የሞቱበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እማማን ዘገነናቸው። ባለሙያዎቹ አይተው የመለሱትን ኮምፒውተር ከፈተች። ነጭ መርከብ ሰማያዊ ውኃ ላይ ብቅ አለ። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ሦስት ነገር ደብተሯ ላይ ጻፈችና አነጠሰች።

ከዚያ ሚጣን ጠራች።

«ሻዩን ስንት ሰዓት ሰጠሻቸው?»

«ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል። የልብ ክኒኑን ከጎኑ አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እማ ቀድማ ወጥታ ነበር።»

«የሚከታተሉት መርከብ ያን ቀን ዋጋው ወርዶ ነበር?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ። ቅናሽ ሲኖር እኔም ስልክ ላይ እንዲመጣ አድርጎልኝ ነበር። ሦስት መቶ አርባ ዶላር ገባ፤ ለሁለት ሰዓት ብቻ። ልደውልለት ነበር፣ አስተማሪው ፊቴ ቆሞ…»

«አንድ የምትደብቂው ነገር አለ።»

«የለም» አለች ሚጣ፣ ጉትቻዋን እያዞረች።

«የለም አለችሽ እኮ!» ብለው እማማ ዘለው መሃል ገቡ። ጉትቻው ሲዞር ግን አይተዋል። ይህች ልጅ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮዋን ነው የምትነካው።

ቀጥሎ የሌላ ወንድማቸው ልጅ ቡሎን መጣ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ከኪሱ ቡሎን መፍቻ ስለማይጠፋ ነው ስሙ። ካፒቴን ሊሞቱ አንድ ቀን ሲቀራቸው «ለፖሊስ ተናገር! ዝም ትላለህ እንዴ!» ብሎ ሲጮኽባቸው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ኢንስፔክተሯ ወደ ግቢ ይዛው ወጣች። እማማ ከመስኮቱ ሆነው አንድ ቃል አልተሰማቸውም፤ ቡሎን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መሬት ላይ ቁጢጥ ሲል ብቻ አዩ። «ይኼ ደግሞ ምን ሠርቶ ይሆን?» አሉ። እጣታቸውን እስኪያማቸው ነከሱት።

አመሻሹ ላይ እንደ ወትሮው ዳይሬክተሩ ሊያጽናኑ መጡ። የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ የካፒቴን የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ናቸው። አሥራ አንድ ጡረተኞችን አስተባብረው፣ በግማሽ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ባገኙት መርከብ ከሦስት ወር በኋላ ሊያንሸራሽሯቸው ገንዘባቸውን ሰብስበው ከፍለውላቸዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዓይንዎን አሞዎታል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። መድኃኒቱም አልይዝ አለኝ።»

«ያን ቀን እዚህ መጥተው ነበር?»

«ወገቤን ይዞኝ ከቤት አልወጣሁም። ደውሎልኝም ከሆነ አላገኘኝም፤ ስልኬ ጥገና ከገባ ሳምንት አለፈው። ቤቴ ሌላ ስልክም ኮምፒውተርም የለኝ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን! ሦስት ዓመት ሲያሳድደው ኖሮ ስድስት መቶ አሥር ሲገባለት፣ እሱ ሄደ።»

ኢንስፔክተሯ መሃረቧን አጣጠፈች።

«ልጅቷም ቢሆን» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ እማማ ዞረው፣ «ክኒን ተሳስታ ይሆናል። ልጅ ናት፤ ዳኛም ያዝንላታል።»

«ምን አደረገችና ነው ዳኛ የሚያዝንላት!» አሉ እማማ። እንዲህ ያለውን ማጽናናት ጆሯቸው አልወደደውም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ አራቱንም በካፒቴን ክፍል ሰበሰበች። ሁሉም ተቀመጡ፤ እማማ ብቻ ከሚጣ ወንበር ኋላ እንደ ዘበኛ ቆሙ። አንድ ሰዓት ቀርቷል። የግድግዳው ሰዓት ቋ ባለ ቁጥር ይደነግጣሉ።

«ካፒቴንን እንቅልፍ የጣላቸው ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጀመረች። «ሻዩ የቀረበው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ያ መድኃኒት በግማሽ ሰዓት ይጥላል ብሏል። ስምንት ተኩል ላይ ተኝተዋል እንበል። ታዲያ በዚህ ኮምፒውተር መርከብ የተፈለገው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የተኛ ሰው ቅናሽ አይፈልግም።»

«ሚጣ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበረች!» አለ ቡሎን።

«መምህሯም መስክሯል። አለቃዬ ግን ‹መድኃኒቱን ጨምራ ሄዳለች፤ ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው ነካው› ይለኛል። ስለዚህ ማን ነካው? ይህን የሚነግረን ዋጋው ነው። ሚጣ፣ ስልክሽ ላይ የመጣው ስንት ነበር?»

«ሦስት መቶ አርባ።»

«ለስንት ሰው ሲፈለግ?»

ሚጣ ጉትቻዋን ያዘች።

«ተናገሪ እንጂ!» አሉ እማማ፣ ትከሻዋን እያወዘወዙ። «ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«ለሁለት» አለች ሚጣ። «ካፒቴን ሁልጊዜ የሚፈልገው ለሁለት ሰው ነበር። ለራሱና… ለአንቺ። ‹አስቀድማ ካወቀች ማዕበል፣ ሻርክ፣ ጉንፋን እያለች ታስቀረኛለች፤ ቲኬቱን ስቆርጥ ነው የምነግራት› ብሎ አስምሎኝ ነበር።»

እማማ ሦስት ዓመት ሙሉ «እኔን እዚህ ጥለህ ልትሄድ!» እያሉ ሲነዘንዟቸው ኖረዋል። ካፒቴን አንድም ቀን አፋቸውን ከፍተው «ካንቺ ጋር ነው» አላሉም። እማማ ከስንት ቀን በኋላ ተቀመጡ።

ኢንስፔክተሯ ወደ እማማ ጠጋ አለች። «መርከብ ላይ መኝታ ክፍል የሚታሰበው ለሁለት ሰው ነው» አለች ቀስ ብላ። «የሚያሳዩህ ዋጋ የአንዱ ሰው ድርሻ ነው። ብቻዬን ነኝ ካልክ ግን የባዶውን አልጋም ያስከፍሉሃል። ለሁለት የፈለገ ሰው ሦስት መቶ አርባ ያያል። ለአንድ የፈለገ ሰው ሌላ ቁጥር ነው የሚያየው።» ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው። «ይኸው። ‹አንድ መንገደኛ› ይላል። ስድስት መቶ አሥር።»

ቡሎን አንገቱን አስግጎ አየ። ሚጣም አየች። ዳይሬክተሩ አላዩም።

«ይህን የጻፈው ካፒቴን ብቻቸውን የሚሄዱ የመሰለው ሰው ነው። ሚጣ አይደለችም፤ ምስጢሩን ታውቃለች። ቅናሹ የቆየው ሁለት ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ተቆልፎ ነበር። ይህን ቁጥር ያየነው እኔ፣ ባለሙያዎቻችንና ያን ቀን እዚህ የቆመው ሰው ብቻ ነን።» ዞረች። «ዳይሬክተር፣ ትናንት ስንት ብለውኝ ነበር?»

«ሰው… ሰው ነግሮኝ ይሆናል።»

«ማን? እነዚህ ልጆች የሚያውቁት ሦስት መቶ አርባን ነው። ስልክ የለኝም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

እማማ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ እያዩ «ቆይ፣ ቆይ እስቲ» አሉ። «እሳቸው? ለምን ብለው? እንደ ወንድሙ አልነበሩም?»

«ቡሎን፣ ትናንት የነገርከኝን ንገራቸው።»

ቡሎን ዓይኑን ጠረገ። «ካፒቴን አንድ ዌብሳይት እይልኝ ብሎ ሰጠኝ። ሐሰተኛ ነው። የሚሸጠው መርከብ ደግሞ በተባለው ወር ጥገና ላይ ነው፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው አስታውቀዋል። ‹ለፖሊስ ተናገር› ብዬ ጮኽኩበት። ‹የሰው ክብር ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ታገሠኝ› አለኝ። እኔ የተታለለው እሱ ራሱ መስሎኝ… አፍሮ ራሱን ያጠፋ መስሎኝ ነበር። ለእማማ ማን አፍ አለው ይህን የሚናገር?»

ዳይሬክተሩ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ጥፋት የተገኘበት ተማሪ መሰሉ።

«አሥራ አንድ ሰው» አሉ። «‹ዳይሬክተር ካሉ እውነት ነው› ብለው ነው የሰጡኝ። ግማሽ ዋጋ ሳይ ዓይኔ ታወረ፤ ገንዘቡን ለሻጮቹ ላክሁ። ከዚያ ወዲያ ብጽፍ፣ ብጽፍ መልስ የለም። ያን ቀን በጓሮ በር መጥቼ ለመንኩት። ‹ነገ አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። እጁን ሊታጠብ ሲነሳ መድኃኒቴን ሻዩ ውስጥ ጨመርኩት። ሲተኛ አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያ ሐሰተኛ ገጽ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋሁትና… ደስ ብሎት የሞተ እንዲመስል የሚወደውን መርከብ ፈለግሁለት።»

«ልቡ ደካማ መሆኑን ታውቅ ነበር» አሉ እማማ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዳይሬክተሩን አንተ ሲሏቸው የመጀመሪያቸው ነው። «እሱስ ይሁን፤ ከፈጣሪህ ጋር ተነጋገር። ልጄንስ? ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሲያስሯት ቆመህ ልታይ ነበር?»

ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ደፉ።

«መልስልኝ እንጂ፣ አስተማሪ አይደለህ!»

ሁለት ፖሊሶች ገብተው ይዘዋቸው ወጡ። ኢንስፔክተሯ ለአለቃዋ ደውላ ሁለት ቃል ተናገረችና ወደ ሚጣ ዞረች። «ዛሬ ፈተና አለሽ አሉ። አምስት ሰዓት አይደል? ነይ፣ በመኪናችን ላድርስሽ።»

እማማ እንደ ወጣት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «በፖሊስ መኪና? ሰፈሩ በመጋረጃ ቀዳዳ ሲያያት ሰንብቶ! በእግሯ ነው የምትሄደው። በመንገዱ መሃል!»

«እማ፣ ግፊትሽ እኮ…»

«ግፊቴ ከኋላ ይከተለን።»

ወጡ። እማማ የሚጣን ክንድ ይዘው፣ በየደጃፉ ለቆመው ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ «እንዴት አደራችሁ? ልጄን ፈተና ላደርስ ነው!» አሉ። መጋረጃው ሁሉ አንድ በአንድ ተከፈተ። መኪና ባለፈ ቁጥር ልጅቷን ወደ ግንቡ ይስባሉ፤ ድንጋይ ባዩ ቁጥር «እግርሽን!» ይላሉ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሱ። ደወሉ ተደወለ፤ ተማሪው ሁሉ ገባ። እማማ አልለቀቁም።

«እማ፣ እጄን ልቀቂኝ፤ የምጽፍበት ነው።»

እማማ ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያ ግራሽን ስጪኝ» አሉ።