የተረጎመችለት ንግግር

ፅዮናዊት የክብር እንግዳ የሚባል ነገር ካንገሸገሻት ሰንብቷል።

አያቷ በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ ጅቡቲ የገቡ ሰው ነበሩ። እሷም እዚያው ጋቦዴ ሰፈር ተወልዳ፣ ሕግን በፈረንሳይኛ ተምራ፣ በአንድ አነስተኛ የግል ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህርት ሆናለች። ከውጭ ምሁር በመጣ ቁጥር ንግግሩን የምትተረጉመው እሷ ናት። ይመጣሉ፤ ስለ ፍትሕ ይናገራሉ፤ ፎቶ ተነሥተው፣ በልተው ይሄዳሉ። የተማሪው ጥያቄ ግን ሳይመለስ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ አንድ የሠራተኛ ሕግ መምህር ለአንድ ወር ሊመጣ ነው ሲሏት፣ «ደግሞ ሌላ ከረባት!» ብላ አፏን አጣመመች።

ኃይለሚካኤል ግን ያለ ከረባት፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ዶራሌ ወደብ ላይ ወረፋ ስለሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮች መብት በአማርኛ ሲያስተምር፣ አንድ ተማሪ ከበድ ያለ ጥያቄ ጠየቀው። ጥቂት አሰበና፣

«አላውቅም» አለ። «ሾፌሮቹን ጠይቄ እመለስበታለሁ።»

ፅዮናዊት ዞር ብላ አየችው። «ምን ብዬ ልተርጉመው?»

«እንዳልኩት ነዋ! አላውቅም አለ በያቸው።»

ሳቋ አመለጣት። እስከ ዛሬ ከተረጎመችላቸው ምሁራን መካከል ይህን ቃል ያስተረጎማት አልነበረም።

በማግሥቱ ዶራሌ አብረው ሄዱ። አቧራው ፀጉሯ ላይ እስኪጋገር ድረስ ከሾፌር ሾፌር እየዞሩ ጠየቁ። ሲመለሱ ባሕር ዳር ወርደው በእግራቸው ተጓዙ።

«ስትተረጉሚ ድምፅሽ ይቀዘቅዛል» አላት። «ዛሬ ግን ከሾፌሮቹ ጋር ስታወሪ ሌላ ሰው ሆንሽብኝ።»

«የትኛዋ ትሻላለች?»

ቆም ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች፤ ግን ምንም አላየችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይገናኙ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ትልቁ እንግዳ፣ ፕሮፌሰር ዱቫል፣ ከባሕር ማዶ መጡ። እሑድ ስለ ሰው ልጅ ክብር ሊናገሩ ቀጠሮ ተይዞ፣ ዓርብ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ዶክተር ዓብዱልጀሊል ቤት ምሳ ተጋበዙ። ፅዮናዊትና ኃይለሚካኤልም ተጠሩ።

ዓሣውን የምታቀርበው የቤቱ ሠራተኛ ትርሲት ነበረች፤ ከወሎ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ ሳህኑን ስታኖር የፕሮፌሰሩ እጅ ወገቧ ላይ አረፈ። ከዚያም ወረደ። ልጅቱ ደርቃ ቀረች። ፕሮፌሰሩ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሳቅ አሉ። ዲኑ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ባለቤታቸው ሎሚ እንዲጨመር አዘዙ።

ፅዮናዊት ኃይለሚካኤልን አየችው። አይቷል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የዓሣውን አጥንት ይለቅም ጀመር።

ከሽማግሌው ፕሮፌሰር እጅ ይልቅ የቀፈፋት ያ አጥንት የሚለቅም ጣት ነበር።

ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ትርሲት ቀሚሷን በሳሙና ታሻለች፤ ምንም እድፍ ግን አልነበረበትም።

«ልብስሽን ያዢ፣ እንሂድ።»

«ፓስፖርቴ እትዬ ጋ ነው።»

ፅዮናዊት ወደ ማዕዱ ተመለሰች። «ዶክተር፣ ፓስፖርቷን ይስጡኝ። የሰው ፓስፖርት መያዝ ነውር መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።» ዲኑ ፊታቸው ጠቁሮ ከባለቤታቸው ተቀብለው ሰጧት።

ኃይለሚካኤል በር ላይ ደረሰባቸው። «ፅዮናዊት፣ ቆዪ!»

«አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«የዶክትሬት ትምህርቴ በፕሮፌሰሩ እጅ ነው። እንግዳ ደግሞ ነኝ፤ ምን ላድርግ…»

«በቃ! እሳቸውን አላውቃቸውም፤ አንተን ግን ያወቅሁህ መስሎኝ ነበር። አስጠላኸኝ።»

ትርሲትን ይዛ ጋቦዴ፣ እናቷ ቤት ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እናቷ ወይዘሮ ፋናዬ ከፈቱ። «ፅዮናዊትን ነው?»

«አይደለም እማማ። ትርሲትን ነው።»

ፅዮናዊት ጓዳ ሆና የኃይለሚካኤልን ድምፅ ለይታ ጆሮዋን አቆመች።

«ትናንት አይቼ ዝም አልኩ» ትርሲትን ሲላት ሰማችው። «አሁን በሰው ፊት ልናገር እፈልጋለሁ። አንቺ ካልፈቀድሽ ግን አልናገርም።»

«ስሜን አታንሳ» አለች ትርሲት። «ያየኸውን ግን ተናገር። ያየኸው ያንተው ነው።»

አመስግኖ ወጣ። ስለ ፅዮናዊት አልጠየቀም። ይህም አናደዳት፤ ደስም አላት።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ፕሮፌሰሩ ስለ ክብር ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። የምስጋናው ንግግር የኃይለሚካኤል ነበር።

«በአማርኛ ነው የምናገረው» አለ። «አስተርጓሚዋ ፈቃደኛ ካልሆነች እቀመጣለሁ።»

ፅዮናዊት ማይክሮፎኑን አነሣች።

«ዓርብ ዕለት በአንድ ማዕድ ላይ እኚህ እንግዳ ምግብ የምታቀርብላቸውን ሴት ያለ ፈቃዷ ገላዋን ሲዳስሱ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም የሕግ መምህር ተብዬ፣ ለጥቅሜ ስል አንገቴን ደፋሁ። ስለዚህ ላመሰግናቸው አልችልም።»

«ሲዳስሱ» የሚለው ላይ ስትደርስ ለስለስ ያለ የፈረንሳይኛ ቃል አፏ ላይ መጣ። መለሰችውና ደረቁን ቃል ተናገረች። ማይክሮፎኑ ተዘጋባት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያለ ማይክሮፎን ጨረሰችው።

ዲኑ ተነሥተው በፈረንሳይኛ ጮኹ።

«ምን አሉ?» አላት ኃይለሚካኤል።

«አስተርጓሚዋ ተሳስታለች አሉ።»

ወደ አዳራሹ ዞሮ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ «ኖን! አልተሳሳተችም» አለ።

ዙለይካ የምትባል ተማሪ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ሌሎችም ተከተሏት።

ፕሮፌሰሩ ምንም አልሆኑም። ሌላ አገር ሄደው ስለዚያው ክብር መናገራቸውን ፅዮናዊት ስትሰማ ምራቋ መረራት። እሷ ከሥራዋ ተባረረች። የኃይለሚካኤልም ግብዣ ተሰርዞ በማግሥቱ ወደ አገሩ እንዲሳፈር ተደረገ። ትርሲት በወይዘሮ ፋናዬ ትንሽ ሱቅ ሥራ ይዛ ቀረች።

አምቡሊ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ ሻንጣውን እንደያዘ፣

«አሁንም አስጠላሻለሁ?» አላት።

«ትንሽ።»

«ትንሹስ መቼ ይለቅሻል?»

«እሱን መጥተህ ነው የምታየው።»

መጣ። ክረምቱ እንዳለፈ ባንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የሕግ ክፍል ተቀጥሮ፣ የማንም እንግዳ ሳይሆን መጣ። እሷም ጠበቃ ቢሮ ገብታ ነበር። ዓመት ሙሉ ተነጋገሩ፤ ተኳረፉ፤ ታረቁ። ከዚያ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ወይዘሮ ፋናዬ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ እማዬ።»

«ያኔ እኮ ስሙ ሲነሣ ያንገሸግሽሽ ነበር!»

«አዎ፣ አንገሽግሾኝ ነበር» አለች ፅዮናዊት። «ከዚያ በፊት የወደድኩት እንግዳውን ነው። ኃይለሚካኤልን የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው።»