ገመዱን ማን ቀመቀመው

ሎንቶፕ የተገኘው ጉሙ ገና ከባሕሩ ላይ ሳይነሣ፣ በገዛ መረቦቹ ክምር ላይ ተደፍቶ ነው። የጥጥ ገመድ አንገቱን ሰርስሮ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ገዳዩ ይኸም አልበቃው ኖሮ መረብ በሚያሰጥመው ድንጋይ ማጅራቱን ፈርክሶታል። ዝንቦቹ ከሰው ቀድመው ደርሰዋል።

ቹማን ተጠርቶ ሲመጣ ሰዉ ሬሳውን ትቶ ሴት እየደበደበ ነበር። የምትደበደበው ፑየን ናት፤ ለመረብ ቤቱ ገመድ የምትገምደው። የሟቹ የእህት ልጅ ሲፓን ጸጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ፊቷን ከዛጎሉ ክምር ጋር ያላጋዋል።

«ተዋት» አለች እማ ሊዛ። የመንደሩ ታላቅ እርሷ ናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ባሕሩ ሲሞላ ድንጋይ ታስሮባት ትገባለች። እስከዚያ ጥርሷን አትጨርስ።»

«ምን ይጣራል እማ? ገመዱን እይው። ወደ ግራ የዞረ ነው። በዚህ ዳርቻ በግራ እጇ የምትገምድ ከዚች ግራኝ ሌላ ማን አለ?» አለ ሲፓን።

እውነቱን ነው። ሌላው ሁሉ ጥጡን በቀኝ እጁ፣ በቀኝ ጭኑ ላይ እያሸ ይገምዳል። የፑየን ገመድ ብቻውን በተቃራኒው ይዞራል። ሕፃን እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይለየዋል።

«ቹማን» አለች እማ ሊዛ፣ «አንተ ሃያ ዓመት ጥጥ ስትዳምጥ የኖርክ፣ የሰውን ሁሉ እጅ ታውቃለህ። ተናገርና ይብቃ።»

ጥጥ መዳመጥ የአሮጊት ሥራ ነው። ቹማን ድሮ ጠላቂ ነበር። የሎንቶፕ መረብ ገመድ ከግራ እጁ ሁለት ጣት በጥሶ ሲወስድ፣ የመረብ ቤት አለቃው ሎንቶፕ «ጎደሎ እጅ ከመረብ ድርሻ የለውም» ብሎ ፈረደ፤ ሸንጎውም እንደ ሸምበቆ አንገቱን ነቀነቀ። በነጋታው «ሸርጣን» የሚል ስም ያወጣችለት ደግሞ ይህችው ደም የምትተፋው ፑየን ናት። ስሙ ከጣቶቹ በላይ ቆረጠው። ጣት አንድ ቀን ያማል፤ ስም ግን በየማለዳው ይጠሩሃል። እንግዲህ ሟቹም በድሎታል፣ ተከሳሿም በድላዋለች። ዝም ቢል ማን ይወቅሰው ነበር?

«ደስ አለህ አይደል፣ ሸርጣን?» አለችው ፑየን።

«ገና ነኝ» አለና ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ።

ገመዱን ከሥጋው ውስጥ በጥንቃቄ አወጣው። ገመዱ የፑየን ነው፤ ጥርጥር የለውም። አንደኛው ጫፍ አሮጌ ነው፣ እንዳይተረተር በክር ተጠምጥሞ በግራ ዙር ተቀምቅሟል። ሌላው ጫፍ ግን በዛጎል ስለት አዲስ የተቆረጠ ነው፤ ጥጡ ገና ነጭ ነው። እዚህ ላይ ቹማን ጫፉን ወደ ዓይኑ አቀረበ። አዲሱ ጫፍም ተቀምቅሟል። ከገመዱ ከራሱ አንድ ክር ተመዝዞ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ተጠምጥሞ፣ ከሥር ሾልኮ ጠብቋል።

«የማን ነው?» አለ ሲፓን።

«የእርሷ ነው።»

ሰዉ አጓራ። አንዱ ድንጋይ አነሣ።

«ገመዱ የእርሷ ነው አልኩ እንጂ የገደለው እጅ የእርሷ ነው አላልኩም። ባሕሩ ሳይሞላ ሦስት ሰው ላናግር።»

እማ ሊዛ ውሃውን አየችና በእጇ ምልክት ሰጠች። ጊዜው ጥቂት ነበር።

በፑየን ጀመረ።

«ገመድሽን የት ታኖሪያለሽ?»

«መረብ ቤት፣ ምሰሶው ላይ። እጅ ያለው ሁሉ ያነሣዋል። አንተን ማለቴ አይደለም።»

«ከሎንቶፕ ጋር ተጣልተሽ ነበር?»

«ትናንት። የግራ ዙር የቀኙን ይፈታዋል ብሎ ገመዴን ከመረቡ አስወጣው። ባሕር ይብላህ አልኩት። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ፣ ብቻዬን። ለምስክር እንዲሆነኝ አንተ እንኳ ብትመጣ አላባርርህም ነበር።»

ሲፓንን ያገኘው ታንኳው አጠገብ ነው። ደሙ አልበረደለትም።

«ባሕር ላይ ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ከዓሣዎቹ ጋር። ምነው?»

«አለቅነቱን ከአጎትህ የሚወርሰው ማነው?»

ሲፓን መልሱን በቡጢ ሰጠው። ቹማን አሸዋው ላይ ተዘረረ፤ ሲፓን ጎኑንም በእርግጫ ደገመለት። ቹማን ግን ተኝቶ የሚያየው ከሲፓን ወገብ ላይ የተንጠለጠለውን የዓሣ መውጊያ ጦሩን ገመድ ነበር። የተቆረጡት ጫፎች ሁሉ በደፈናው ተቋጥረዋል፤ አንዱም አልተቀመቀመም።

«አመሰግናለሁ» አለ፣ ደሙን እየጠረገ። ሲፓን ሰውየው ያበደ መስሎት ሄደ።

የቀረው ኔቾ ነው፤ የመረብ ጠጋኙ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከድርሻው ላይ ለቹማን በየቀኑ አንድ ዓሣ ሲያቀምስ የኖረ እርሱ ብቻ ነው። ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ አገኘው።

«አያ ቹማን፣ ከንፈርህን ምን አገኘው?» በቅል ውሃ ሰጠው። «እንካ፣ ተጉመጥመጥ።»

«ጠዋት የት ነበርክ ኔቾ?»

«ደንገል ሳጭድ። ልጄን ባሕር ከበላው ወዲህ መች እንቅልፍ አለኝ።»

«የልጅህ ታንኳ ገመድ በምን ተበጠሰ?»

ኔቾ እጆቹን አየ። «በስብሶ። የገመዱ ቃጫ ኩሬ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከልኩ በላይ ከርሞ ነበር። እንዲህ ያለው ሲጎትቱት እንደ ገለባ ይቆረጣል።»

«ገመዱን ያደለው ማነው?»

«ሎንቶፕ ነዋ። ደኅናውን ለራሱ ታንኳ አስሮ።» ድምፁ እንደ ረጋ ውሃ ነበር። «አያ፣ ምን ያደክምሃል? ይች ሴት አንተን ያላለችህ አለ? ባሕሩ ይውሰዳት።»

ቹማን ውሃውን ተጉመጥምጦ ተፋ። አፉ ውስጥ የቀረው ግን የደም ጣዕም ብቻ አልነበረም።

ባሕሩ ጥቁሮቹን ድንጋዮች ሲሸፍን ሰዉ መረብ ቤቱ ፊት ተሰበሰበ። ለፑየን የተዘጋጁት ድንጋዮች ተደርድረዋል። ቹማን ከምሰሶው ላይ የፑየንን ገመድ አውርዶ ሦስት ክንድ ሦስት ክንድ ቆረጠና ለሲፓን፣ ለኔቾ፣ እጇን አስፈትቶም ለፑየን አንድ አንድ አስያዛቸው።

«ያዙልኝ» አለና ወሬውን ጀመረ። ሲናገር እንደ ዛሬ ሰው ሰምቶት አያውቅም። «ገዳዩ ሎንቶፕ በየማለዳው መረቡን ለብቻው እንደሚያይ ያውቃል። ቀድሞ መጣ። ገመዱን ቆረጠ። ጉሙ ውስጥ፣ በሩ ጥግ ቆመ። ሎንቶፕ ዘገየ። ገዳዩ ጠበቀ። ልቡ ውስጥ ያለው ሞት ብቻ ነው፤ ስለ እጁ አላሰበም። ከዚያ ሎንቶፕ ጎንበስ አለ። ገመዱ ከኋላ አንገቱ ላይ ገባ። ተንፈራገጠ፣ መረቡን በጥፍሩ ቧጠጠ፣ ሰገራውን ለቀቀ። ዝም ካለ በኋላም ገዳዩ ድንጋይ አንሥቶ መታው። እንዲህ የሚመታ ሰው ንዴቱ የትናንት አይደለም።»

ሰዉ ሁሉ የቹማንን አፍ ሲያይ ቹማን የሦስቱን እጅ ያይ ነበር።

«አሁን የያዛችሁትን አሳዩ።»

ሲፓን ገመዱን ጨምድዶ ቋጥሮታል። ፑየን ጫፉን በግራ ዙር ቀምቅማዋለች። ኔቾ ወደ ራሱ እጅ የሌላ ሰው እጅ የሚያይ ይመስል ተመለከተ። ከገመዱ ከራሱ አንድ ክር ተመዝዟል፤ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ፤ ከሥር ሾልኮ ጠብቋል።

ቹማን ደም የለበሰውን ገመድ አጠገቡ አደረገው።

«እማ ሊዛ፣ ነይና እይ። ገዳዩ አዲስ የቆረጠውን ጫፍ ቀምቅሞታል። ፑየን ብትታረድም ወደ ቀኝ አትቀመቅምም። ሲፓን መቋጠር እንጂ ሌላ አያውቅም። እንዲህ ከገመዱ ክር መዝዞ የሚቀመቅም ጠጋኝ ነው፤ ጠጋኛችን ደግሞ አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት የተቆረጠ ጫፍ ራቁቱን ትቶ አያውቅም። ሰው ሊያንቅበት የያዘው ገመድ እንኳ እንዳይተረተር አዘነለት።»

ኔቾ አልካደም።

«ስድስት ዓመት ዓሣ አበላሁህ፣ አያ።»

«አብልተኸኛል።»

«ሎንቶፕ ልጄን ገደለው።»

«ገድሎታል። ለሸንጎው ብትናገር ምን ነበረበት።»

«ሸንጎው ያንተን ጣት ሰምቷል?»

ቹማን በጎደሎ እጁ ወደ ፑየን ጠቆመ። «እርሷስ ምን አደረገችህ?» አለ።

«ምንም። የሚያለቅስላት የለም ብዬ ነው። አንተም ዝም የምትል መስሎኝ።»

ሲፓን ዘሎ ኔቾን በጦሩ ዘንግ ክንዱ ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። እማ ሊዛ አስቆመችው። በዳርቻው ሕግ ገዳዩን ወደ ውሃው የሚያስገባው የገለጠው ሰው ነው፤ በሕይወቱ ነው የሚገባው።

ድንጋዮቹ ሲታሰሩ ፑየን ቹማን አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ስለ እኔ ብለህ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ስለ ምን?»

«የሚያለቅስለት የሌለው ሰው ሲሰጥም፣ ቀጥሎ ተረኛው ማን እንደሆነ ስለማውቅ።»

አላመሰገነችውም። እርሱም አልጠበቀም።

ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ኔቾ ቆመ። የተሰበረው ክንዱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

«አያ፣ በሕይወቴ አታስገባኝ። ልጄ እንዴት እንደሞተ አውቃለሁ።»

ቹማን ወደ ዳርቻው ዞረ። እማ ሊዛ ጥያቄው ሳይነገራት ገባት፤ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ ዞሩ።

ቹማን ከድንጋዮቹ አንዱን በደኅና እጁ አነሣ።

«ዓይንህን ጨፍን» አለው።

ኔቾ አልጨፈነም። ቹማን መታው። አንዴ ስላልበቃ ደገመው።