የብሌን አሲድ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ናፊያም አልረሳችም። ባለፈው ዓመት ክፍል ፊት ቆማ ስታስረዳ ብሌን አነጋገሯን እያስመሰለች ተማሪውን ሁሉ አስቃባት ነበር። ያን ጊዜ ብሌን ከሌላ ከተማ ወደ ሐረር በሥራ ከተዛወረ አባቷ ጋር መጥታ ለከተማው እንግዳ ነበረች። ናፊያ ግን ይህን ከቁጥር አላስገባችውም፤ ቀን ትጠብቅ ነበር።

ቀኑም መጣ። ኤረር በር አጠገብ ባለው ትምህርት ቤታቸው የኬሚስትሪ መምህሩ ኪዳነወልድ፣ የእንቁላል ቅርፊት አሲድ ሲነካው አረፋ እንደሚያወጣ ተማሪዎቹ በየተራ እንዲያሳዩ አዘዙ። ናፊያ ቀድማ ገብታ ለብሌን በብርጭቆ የተዘጋጀውን አሲድ ባዶ የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጠችና በቦታው ውሃ ሞላች። ሃይላንዱን መስኮት ላይ አኖረችው።

ብሌን ቅርፊቱን ከተተች። አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። ክፍሉ ሳቀ፤ የናፊያ የልብ ጓደኛ ሀቢባማ እስኪያስላት ሳቀች። የናፊያ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«አጥንተሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?» አለቻት።

ብሌን እንባዋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ናፊያ ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ መልሳ መሳቋን ቀጠለች።

ውሃ በሚጠፋበት ከተማ የተገኘን ሃይላንድ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሀቢባም መስኮቱ ላይ ያለውን አንስታ ክዳኑን ስትከፍት ጥቂት ፈሰሰ። ኖራ የተቀባው የመስኮቱ ደፍ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ብሌን አየችው፤ የእሷ አሲድ የት እንደገባ ገባት።

«እንዳትጠጪ!» ብላ የሀቢባን እጅ መታች። አሲዱ የብሌንን የራሷን ክንድ አቃጠለው።

መምህሩ ከጀሪካን ውሃ እያፈሰሱ ክንዷን ሲያጥቡ ናፊያ ቀረበች።

«ቲቸር፣ ወላሂ እኔ ነኝ። እሷን ላዋርዳት ብዬ ነው።»

ሀቢባ ትኩር ብላ አየቻት። «ናፊያ፣ እኔን እኮ የጠማኝ ላንቺ ብዬ ስስቅ ነው» አለቻት።

መምህሩ ናፊያን ወደ ቢሮ ሊወስዷት ሲሉ ብሌን ጥርሷን ነክሳ፣ «ቲቸር፣ እንዳትባረር። በሰው መሳቅን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ወገኖቼ፣ አሲድም ሆነ በረኪና በመጠጥ ዕቃ አታስቀምጡ። ቂምም አታስቀምጡ። ናፊያ የብሌን ክንድ እስኪድን ትምህርቷን ስትጽፍላት ከረመች። ሀቢባ ግን እስከ ዛሬ ከናፊያ እጅ ውሃ አትቀበልም።