ያልተነካው ጣሪያ

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። በሦስተኛው ዋሻ መካከል፣ የበር ያህል ሰፊ ድንጋይ ደረቱን ተጭኖት በጀርባው ተንጋሏል። ሟቹ የድንጋይ ተመራማሪ ነበር። የማዕድን ማውጫውን ዋሻዎች ጣሪያ እየለካ፣ ሠራተኛ ላይ ሳይናድ ማስጠንቀቅ ነበር ሥራው።

መርማሪዋ ከሌላ ሬሳ ላይ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ከትናንት ወዲህ ዐይኗን አልከደነችም። እንደዚያም ሆኖ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን ቃኘች። የሟቹ መዶሻ ከቀበቶው አልወጣም። ግድግዳው ሁሉ አመድ በመሰለ አቧራ ተሸፍኗል፤ በትከሻ ልክ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ጸድታለች።

ላይ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል። ሥራ አስኪያጁን አስቀደመች።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«አልዋሽም፤ ጮኼበታለሁ። ሦስተኛው ዋሻ ይዘጋ አለኝ፤ አንድ ሳምንት ታገሠኝ አልኩት። ግን ዋሻ ከወረድኩ ወር አልፎኛል፤ ወገቤ አያስጎነብሰኝም።»

ቀጥላ የላብራቶሪ ባለሙያዋን ጠራች። ሴትዮዋ ከሟቹ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ዐይኗ በለቅሶ አብጧል።

«መዶሻው ምን ያደርግለት ነበር?»

«ጣሪያውን ሳይመታ አንድ እርምጃ አይራመድም። ደህና ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተላቀቀው እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል።»

«ሳይመታ የሚገባበት ጊዜ የለም?»

«የፈረቃ አለቃው ምልክት ካለ ብቻ። አለቃው የላላውን ድንጋይ በብረት ዘንግ ፈልቅቆ ካወረደ በኋላ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። እሱን እንደ ራሱ ነው የሚያምነው፤ የሚስቱ ወንድም አይደል?»

የፈረቃ አለቃው ጠና ያለ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ እንደ ሸክም ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«አማቼ ተቻኮለ» አለ። «ሦስተኛውን ገና አልነካሁትም፣ እንዳትገባ ብዬው ነበር። የድንጋዩን ድምፅ ሰምቼ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ላነሣለት ታገልኩ፤ አልሆነልኝም።»

መርማሪዋ እግሯን እየጎተተች እንደገና ወረደች። ሁለተኛው ዋሻ ድረስ ሄዳ ተመለሰችና ሦስቱንም በአንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ድንጋዩን የገፋው የለም፤ በራሱ ነው የወደቀው» አለች። «የከነከነኝ መዶሻው ነው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ጣሪያውን ሳይመታ ለምን ገባ? የጠመኔ ምልክት ስላየ። ምልክቱስ የት ሄደ? ተጠርጓል፤ ቦታው አቧራ የለውም። በሁለተኛው ዋሻ፣ በዚያው በትከሻ ልክ፣ ጠመኔው አለ፤ ጣሪያውም በብረት ተቧጭሯል። በሦስተኛው ጣሪያ ላይ ግን አንድም ጭረት አላገኘሁም። ምልክቱ ተደርጓል፤ ዘንግ ግን አልነካውም።»

ሥራ አስኪያጁ ሊናገር አፉን ከፈተ። እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«እርስዎም እሷም ዛሬ እንዳልወረዳችሁ የበሩ ዘበኛ ነግሮኛል።» ወደ ፈረቃ አለቃው ዞረች። «ጠመኔው የእርስዎ ነው። ከሬሳው ጋር ብቻዎን የቆዩትም እርስዎ ነዎት።»

የፈረቃ አለቃው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ሦስት ፈረቃ በተከታታይ ሠራሁ። ምትክ የለም አሉኝ። ዘንጉን ባነሣው ክንዴ እምቢ አለ። ትንሽ አርፌ እመለስበታለሁ ብዬ ምልክቱን አስቀደምኩ። ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። የቀሰቀሰኝ ድንጋዩ ነው።»

ምትክ የከለከለው ሥራ አስኪያጅ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ሌላስ?» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እንዲህ ምልክት ያደረጉበት ሌላ ዋሻ አለ?»

«አራተኛው።»

«ሰው አለበት?»

«አሥራ አንድ።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አፈፍ አደረገ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ግቢውን አናወጠው። አራቱም ዋሻው አፍ ላይ ቆመው፣ ሠራተኞቹ ምሳችንን እንኳ አላስጨረሱንም እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ አሥራ አንደኛው ሰው እስኪወጣ ጠበቁ። ያን ጊዜ የፈረቃ አለቃው አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ ገና አልሰማችም» አለ። «እኔ ልንገራት። ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

«ምን ብለው? ድንጋይ ወደቀበት ብለው?»

«አይደለም። ሁሉንም።»

መርማሪዋ እጇን ዘርግታ አስነሣችውና የመኪናውን በር ከፈተችለት።