የዘውድ ፖም ቀንበጥ

በሰባቱ ወንዞች አገር በዛርማ የዘውድ ፖም ሳይገምጥ የነገሠ አልነበረም። አንድ ክረምት ግን የግቢው አሮጌ ዛፍ በመብረቅ ነደደ። መኳንንቱ ግድም አልሰጣቸው፤ ዘሩን በወርቅ ሣጥን ቆልፈውበት ነበራ! ተዘራ፤ በቀለ፤ ከዓመታት በኋላ አፈራ፤ ፍሬውን ግን ጦጣ እንኳ ቀምሳ ተፋችው። በዚያው ሰሞን ንጉሡ ሞቱ፤ አልጋ ወራሹ ኢዮራምም ዘውድ ሳይጭኑ ቀሩ። መሳፍንቱ አገሩን ሊቀራመቱ ጎራዴ መሳል ጀመሩ።

«ፖም ልጁ እናቱን አይመስልም፤» አሉ የግቢው አትክልተኛ አያ ድልነሳ። «ቀንበጧ ተቆርጦ ከሌላ ግንድ ጋር ካልተጣበቀ አትገኝም። በጋራ ሙዳ ጫፍ ከዚያችው ዓይነት አንድ ዛፍ ነበረች፤ በልጅነቴ በልቻታለሁ። ጣዕሟን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማን ቀረ?»

ወጣቷ ዘበኛ ሐመልማል ጦሯን ተክላ ማለች፤ «ቀንበጧን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

ሁለቱ የአመድ በረሃን ተሻግረው ጋራውን ወጡ። ሐመልማል ጫፉን የሚጠብቀውን ባለ ሁለት ራስ ነብር በጦሯ ጣለችው። ሽማግሌው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዞሩ ቀመሱ፤ አንዷን ሲገምጡ ግን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ቀንበጧን ቆርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉ።

በመልሱ መንገድ ሰልቃፍ የሚባሉት የአመድ ፍጥረታት ውሃ የያዙትን ቅሎች ሰባበሩባቸው። አንድ ብቻ ተረፈ። ጨርቁ ከደረቀ ደግሞ ቀንበጧ ሞተች ማለት ነው።

«ይህ ውሃ ለሁለታችንና ለቀንበጧ አይበቃም፤» አሉ አያ ድልነሳ።

«እንግዲያው ቀንበጡ ይቅር፣ አያ!»

«ልጄ፣ እኔ የሰባ ዓመት ዝናብ ጠጥቻለሁ። የእኔን ድርሻ ለእሷ አጠጪ።»

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ከአለት ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ አልተነሱም። ሐመልማል ድንጋይ ከምራባቸው ብቻዋን ወደ ግቢው ገባች።

አያ ድልነሳ እንዳሉት ከሌላ ግንድ ጋር ያጣበቀችው ቀንበጥ ለመለመ፤ መሳፍንቱም አፍረው ጎራዴያቸውን ወደ አፎቱ መለሱ። በአራተኛው ዓመት ፍሬው ቀላ። ኢዮራም ፖሙን አንስተው ግን አመነቱ፤

«እውነተኛዋ ለመሆኗ ማን ይመሰክራል?»

«ልዑል ሆይ፣ ጣዕሟን የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤» አለች ሐመልማል። «እሳቸውም የመጨረሻ ጉንጭ ውሃቸውን ለእሷ ሰጡ። እኔ ሌላ ምስክር የለኝም።»

ኢዮራም ገመጡ፤ ግማሹንም ለእሷ ሰጧት። ጣፋጭ ነበረ፤ ሐመልማልም ስትገምጥ እንደ ሽማግሌው አለቀሰች።